አራተኛው ፎቅ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ መስታወት የማይወለወልበት ቤት የለም። እንግዳ ይመጣላ! ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭ ሀገር ሳይቀር ለሚመጣው ዘመድ አልጋ ይዘጋጃል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ መጋረጃ ይታጠባል። መጋረጃው ሲወርድ ታዲያ ከጀርባው ተደብቆ የከረመው መስታወት ይጋለጣል። ጥር ደረቅ ወር ነው። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል፤ አቧራው መስታወቱ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። እናቴ ያን ሰሞን የምታደርገው አንድ ነገር ነው፦ ኦሞ በባልዲ ትበጠብጣለች፣ ያረጀ ጋዜጣ ትሰበስባለች፣ ከዚያ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ትጠራለች።

እናንተም ቤት እንዲሁ ከሆነ የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። ጋዜጣው ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ክንድ እስኪዝል ይፈተጋል። ጠዋት ስታዩት መስታወቱ ያለ አይመስልም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዞር ብላ ስትመታው ግን ጥጃ የላሰው መስሎ ቁጭ ይላል። እማዬ "አላሻችሁትም" ትላለች፤ እኛ "አሽተነዋል" እንላለን፤ እንደገና ይጀመራል። ለሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ስንከራከር ኖረናል። ሁላችንም የተሳሳትነው ማሸት ላይ መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዲግሪዬም በቢዝነስ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የማስበው አንድ ነገር ለሰው ዓይን እንዴት እንደሚያምር ነው። ያም ሆኖ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ መስታወት እንዴት እንደሚጸዳ አላውቅም ነበር። የተማርኩት ከወንድሜ ጋር ነው፤ ትምህርቱም ርካሽ አልነበረም።

ወንድሜ የተመረቀው በሲቪል ምህንድስና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ከዋለ በኋላ አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ አዘዞ በታክሲ ስንሄድ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ "እታለም፣ ይህን ሁሉ መስታወት ማን ነው የሚያጸዳው?" አለኝ።

እንደ ማርኬቲንግ ሰው ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። እውነትም ከተማችንን በዚያ ዓይን እይዋት እስቲ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያሠሩት ግንብ መስኮቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ከፍቶ መዝጋት እንጂ መወልወል አያስፈልጋቸውም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ፒያሳን ሲሠራ ከፖስታ ቤቱና ከሲኒማው ሕንፃ ጋር መስታወት በብዛት መጣ። ያንም ቢሆን በመሰላል ይደርሱበታል። ዛሬ የሚሠራው ግን ከታች እስከ ላይ ሰማይ የሚያሳይ፣ አንጸባራቂ መስታወት የለበሰ ነው። ከስር ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ አቧራውን ሲያስነሳው ይከርማል። ሕንፃው በተመረቀ በዓመቱ መስታወቱ ግራጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ለቀለሙ ያሰበውን ያህል ለመስታወቱ አላሰበም።

እኔ የሥራ ዕቅዱን ጻፍኩ። ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ባልዲ፣ መሰላልና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ጀመሩ። የመጀመሪያው ደንበኛ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበሩ። ሦስት ሰዎች አንድ ቀን ሙሉ ለፉበት። ማታ ላይ ሰውየው መስታወቱ ፊት ቆሙ፣ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። "ልጆቼ፣ ይኼ ሳይጸዳ ይሻል ነበር" አሉ። ገንዘቡን ግን ከፈሉ። ወንድሜን ያሳፈረውም መክፈላቸው ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሕንፃ በማጽዳት ሥራ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚያወሩት የአዲስ አበባ ወሬ እንደ ሌላው ሰው የኑሮ ውድነት አይደለም፤ ፎቅ ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በቴሌቪዥን ሲያዩት ሁላችንም ከ200 ሜትር በላይ መሆኑን ስናደንቅ እሳቸው "መልሕቁን የት ላይ አሰሩት ይሆን?" ብለው ነበር የጠየቁት። የሚያጸዱት ሰዎች በገመድ የሚወርዱበትን ማለታቸው ነው።

ወንድሜ ነገሩን ሲነግራቸው የጋዜጣውን ማዳበሪያ አይተው ሳቁ። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የናስ እጀታ ያለው፣ ወርዱ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ከፊቱ ቀጭን ጥቁር ጎማ የተሰካበት መጥረጊያ ነው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ስኩዊጂ ይሉታል፤ እኛ ቤት "ጎማው" ሆኖ ቀርቷል። ነዳጅ ማደያ ላይ የመኪና መስታወት ሲጠረግበት ያያችሁት ዓይነት ነው፤ ግን የአክስት ልጅና የወንድም ልዩነት ያህል ይለያያሉ።

ያንን ቀን ያስረዱን ነገር እንዲህ ነው። ጨርቅም ጋዜጣም ቆሻሻውን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያወጣውም። የቀረው ውሃ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ሳሙና፣ አቧራና ጨው መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ጥጃ የላሰው የሚመስለው ያ ነው። ባሸነው ቁጥር ብዙ ሳሙና እንጨምራለን፤ ሳሙናው በበዛ ቁጥር የሚደርቀው ይበዛል። ጎማው ግን ውሃውን ከነቆሻሻው አንድ ላይ ጠራርጎ ያወርደዋል። የሚደርቅ ነገር ካልቀረ መስመር ከየት ይመጣል? የእናቴና የእኛ የሃያ ዓመት ክርክር በአንድ ደቂቃ አለቀ።

እዚህ ላይ አንዲት የታሪክ ጨዋታ ልጨምር። ዛሬ ባለሙያዎች የሚይዙትን ባለ አንድ ጎማ ቀላል መጥረጊያ የሠራው ኤቶሬ ስቴኮኔ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ነው። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ መስታወት በመወልወል ይተዳደር ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው መሣሪያ ከባድ የብረት ነገር ሆኖ ጎማው በብዙ ብሎን የሚታሰር ስለነበር አንድ ጎማ ለመቀየር ብቻ ጊዜ ይፈጃል። ሰውየው እጁን ያደከመውን ነገር አቅልሎ ከናስ ሠራውና የፈጠራ ባለቤትነቱን እ.ኤ.አ. በ1936 አስመዘገበ። ዓመቱን ልብ አላችሁት? የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባበት ዓመት ነው። አንዱ ጣሊያናዊ እዚያ መጥረጊያ ሲሠራ ሌሎቹ እዚህ ገብተው ባለመስታወቱን ፒያሳ ሊሠሩ ነበር። ወንድሜ ይህን ስነግረው "ታዲያ መጥረጊያውን አብረው ለምን አላመጡም?" አለ።

እንግዲህ መግዛት ለምትፈልጉ፣ እኛ ከስረን የተማርነውን በነፃ ልንገራችሁ። እዚህ ቅዳሜ ገበያ ያገኘነው የመጀመሪያው ጎማ ፕላስቲክ ነበር፤ ጎማው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ። ርካሽ ነው። ጠርዙ ሲያልቅ ግን ጎማውን ብቻ መቀየር ስለማይቻል ሙሉውን ትጥላላችሁ። ሁለተኛው ከመርካቶ በሰው አስመጣነው፤ ዋጋው ከፕላስቲኩ እጥፍ ድርብ ነበር፤ እጀታው፣ ጎማውን የሚይዘው ብረትና ጎማው ለየብቻ የሚፈቱ ናቸው። እስካሁን እጀታው ያው ነው፤ የሚለወጠው ጎማው ብቻ ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ርካሹ ውድ ነበር።

ናስ ይሻላል ወይስ አልሙኒየም የሚለው የባለሙያ ክርክር ነው። ጋሼ ናስ ይወዳሉ፤ ክብደቱ ራሱ ጎማውን ወደ መስታወቱ ይጫነዋል ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን አልሙኒየሙ ክንድ አይጨርስም። የማይዝግ ብረትም አለ። ዋናው ጉዳይ ወርዱ ነው። ሰው ሲገዛ ትልቁን ያነሳል፤ ቶሎ የሚጨርስ ይመስለዋል። ባለ 45 ሳንቲ ሜትሩን ያልለመደ እጅ ቀጥ አድርጎ ሊስበው አይችልም፤ አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው ይነሳል፤ ውሃው በዚያ ያመልጣል። ለጀማሪ 35 ሳንቲ ሜትሩ ልክ ነው። በትናንሽ ካሬ የተከፋፈለ የድሮ መስኮት ያለው ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ባለ 25ቱን ያዙ።

ከሁሉም በላይ ግን ጎማው ነው። ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት፦ እንደ አዲስ እርሳስ መቁረጫ ሹል እንጂ ድቡልቡል መሆን የለበትም። ሲያልቅ ገልብጣችሁ በሌላው ጠርዝ ትሠሩበታላችሁ፤ ሁለቱም ሲያልቁ ትቀይሩታላችሁ። ከብረቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይትረፍ፤ አለበለዚያ ብረቱ ከመስኮቱ ማዕዘን ጋር ይጋጭና ማዕዘኑ ሳይነካ ይቀራል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ዕቃ ተጭኖበት አይደር። ወንድሜ አንዴ ባልዲ ሥር አሳድሮት ጠዋት እንደ ቀስት ጎብጦ አገኘው።

የጎማው ልስላሴም ከአየሩ ጋር ይሄዳል። ይህን የተማርነው ደባርቅ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች ለሚሄዱ እንግዶች የሚሆን አንድ ማረፊያ ልጆቹን ጠርቷቸው በታኅሣሥ ሄዱ። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጎንደር ላይ ቀጥ ብሎ ይሠራ የነበረው ጎማ እዚያ በጠዋቱ ብርድ እንደ እንጨት ደረቀ። መስታወቱ ላይ እየዘለለ ይንጫጫል፣ መስመር ያስቀራል። ውሃውም እጅ ያቃጥላል። እስከ ረፋድ ፀሐይ ጠብቀው ነው የሠሩት። ጋሼ ሲሰሙ ለቆላ ጠንካራውን፣ ለደጋ ለስላሳውን መያዝ እንዳለባቸው ነገሯቸው። ቀድመው ያልነገሯቸው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "አልጠየቁኝማ" አሉኝ።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። መጀመሪያ ክፈፉ ላይ ያለውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ካልሆነ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆኖ ይወርድባችኋል። በአምስት ሊትር ውሃ ላይ ላርጎ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። በስፖንጅ ወይም በጠጉራም ማርጠቢያ መስታወቱን በደንብ አርጥቡና ቆሻሻውን አላሉት። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ጣት በምታህል ስፋት በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፤ ጎማው ሁልጊዜ ከደረቅ ቦታ ነው የሚነሳው፤ እርጥብ ላይ ከተነሳ ውሃ እየጎተተ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች ሳትቆሙ በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። በሳባችሁ ቁጥር ጎማውን በጨርቅ ጥረጉ። ቀጣዩን ስትስቡ አስቀድማችሁ ባደረቃችሁት ላይ ሁለት ጣት ያህል ደርቡ። መጨረሻ ላይ ታች የተጠራቀመውን በጨርቅ አንሱ። ጋሼ እጃቸውን ሳያነሱ እንደ እባብ እያጠማዘዙ ከጥግ እስከ ጥግ ይወርዳሉ፤ ያ የዓመታት ነገር ነው፤ እኔ ሞክሬው ግድግዳውን አጠብኩት።

ፀሐይ እየመታው ያለ መስታወት አትንኩ። ሳትደርሱበት ይደርቃል። ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን።

ጎንደር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ናት የእኛ፤ ዋናው ምንጫችን የአንገረብ ግድብ በደለል እየተጎዳ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። በጎማ ስትሠሩ የእኛ ሳሎን ሙሉ መስኮት በአንድ ባልዲ ያልቃል። በጋዜጣው ጊዜ ሦስት ባልዲ እንደፋ ነበር። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መስታወት ላይ የሚቀረው ነጭ ነጠብጣብ ቆሻሻ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለ ማዕድን ነው፤ ሳሙና አይነካውም። አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩበትና አጥቡት።

ምላጭ ግን ተጠንቀቁ። አዲስ ቤት የገባ ሰው መስታወቱ ላይ የቀረውን ሲሚንቶና ቀለም በምላጭ መፋቅ ይወዳል። ልጆቹ አንድ ሱቅ ፊት ላይ ያለ አንጸባራቂ መስታወት በደረቁ ፋቁት። የሚያንጸባርቀው ነገር በውጭ በኩል የተቀባ ስስ ሽፋን መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። የመስታወቱን ዋጋ ለመክፈል የሦስት ወር ትርፍ ሄደ። የባለቤቱ ጥፋት አልነበረም፤ የኛ ነው። ተራ መስታወት እንኳ ቢሆን በደንብ ረጥቦ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፋቀው።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ስለ ዕቃ ነው። ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ሥራው ሲለመድ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ባለቤት ዋጋ ጠየቁን። የተደራደርኩት እኔ ነኝ። ውሉን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። "የሁሉም ፎቅ መስኮቶች፣ ውስጥም ውጭም፣ በሁለት ቀን ውስጥ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስታውሰዋለሁ፤ ቆንጆ መስሎኝ ነበር። ሌሎች የማይሰጡትን መስጠት ማለት ይኼ ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ውጭው በምን እንደሚደረስበት አልጠየቅሁም። ወንድሜም አልጠየቀኝም፤ እሱ ሥራ ፈላጊ ነው፤ እኔ ደግሞ ታላቁ ነኝ።

ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ምሳ ቋጥሬ ሄድኩ። ሕንፃው ሥር ደርሼ ቀና ስል ወንድሜ አራተኛው ፎቅ መስኮት ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። በግራ እጁ የአልሙኒየሙን ክፈፍ ይዟል፤ በቀኙ ጎማውን ይዞ ወደማይደርስበት ይዘረጋል። ከውስጥ ጓደኛው በሱሪው ቀበቶ ይዞታል። በሱሪው ቀበቶ!

መጥራት ፈራሁ። ቢደነግጥስ? ምሳውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ጎማው ከእርጥብ እጁ አመለጠ። ሲወርድ አየሁት፤ ፀሐይ ናሱን እየመታችው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ከእኔ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ንጣፉ ላይ ወደቀ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ አጎንብሶ አየኝና ሳቀ። "እታለም፣ አንሺልኝ እስቲ!" አለ።

አነሳሁት። የብረቱ አንድ ጥግ ተጣሞ ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ወንድሜን አልተቆጣሁትም፤ ምን ብዬ? እዚያ ያወጣው ውሉ ነው፤ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ከመስኮቱ እንዲወርድ ነግሬው ወደ ሕንፃው ባለቤት ሄድኩና ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለውን ውጭ እንደማንሠራ ነገርኳቸው። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ የተሠራውን ያህል ከፈሉ። የቀረው ገንዘብ ለእኛ ትልቅ ነበር፤ ወንድሜ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። "ምንም አልሆንኩም እኮ" ይላል። ልክ ነው፤ ምንም አልሆነም።

ማታ ጋሼ ዘንድ ሄድን። የተጣመመውን ብረት በመዶሻ እያቃኑ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወንድሜን አዩት። "መጀመሪያ የሚመረጠው ጎማው አይደለም ልጄ፤ እግርህ የሚቆምበት ነው። ዕቃውን የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው" አሉት። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ እያልኩ ለፈተና ሸምድጃለሁ። "ቦታ" የሚለው ሠራተኛው የሚቆምበትንም እንደሚጨምር ግን ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ የገዛነው ዕቃ እየተሳበ ስድስት ሜትር የሚረዝም የአልሙኒየም ዘንግ ነው። ጎማውም ማርጠቢያውም ጫፉ ላይ ይሰካሉ። መሬት ላይ ቆሞ ሁለተኛ ፎቅ ይደረሳል። በእጅ እንደሚሠራው ጥርት ብሎ አይወጣም፤ አንገትም ያማል፤ ደንበኛም አንዳንዴ ያጉረመርማል። ከዚያ በላይ ያለውን የሙሉ ሰውነት ቀበቶና ሁለት ገመድ ያላቸው፣ የሠለጠኑ ሰዎች ይሥሩት እንላለን። በሌላው ዓለምም ነገሩ ወደዚያው ነው የሄደው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ደንብ ከፍታ ላይ መሥራትን ማስቀረት የሚቻል ከሆነ ማስቀረት ግዴታ ነው፤ የመስታወት አጽጂዎቻቸው ከመሰላል ወርደው ንጹሕ ውሃ የሚረጭ ረጅም ዘንግ ይዘዋል። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። አሁን ውል ስጽፍ ከዋጋው በፊት የማሰፍረው ሠራተኛው የት እንደሚቆም ነው።

እናንተን ይህ ምን አገባችሁ? ሕንፃ የላችሁም ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ትኖሩ ይሆናል። ለበዓል የቤት ሠራተኛችሁን "የውጭውንም በኩል አድርሽው" ብላችሁ ወደ ሥራ ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ብያለሁ። ልጅቷ በምን እንዳደረሰችው አልጠየቅኳትም፤ ማታ ስገባ መስታወቱ ጠርቶ ነበር፤ "ጎበዝ" ብያት አለፍኩ። ከአራተኛው ፎቅ በኋላ ስጠይቃት ወንበር መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ክፈፉን ይዛ፣ ግማሽ አካሏን አውጥታ እንደምትሠራው ነገረችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

በዚህ ሀገር ወደ ዓረብ ሀገር ልጅ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ነበረች፤ በስልክ ስናወራ የሰገነቱን መስታወት በውጭ በኩል ማጠብ የየሳምንቱ ሥራዋ እንደሆነ ስትነግረን እኛ የምንጠይቃት ስለ ደመወዟ ነበር። ሲንጋፖር የቤት ሠራተኞች ከከፍታ መውደቃቸው ሲበዛባት እ.ኤ.አ. በ2012 ደንብ አወጣች፦ መስኮቱ የተቆለፈ ፍርግርግ ከሌለውና አዋቂ ሰው አጠገቧ ቆሞ ካላያት የቤት ሠራተኛ የውጭውን መስታወት ማጽዳት የለባትም። እኛ ቤት ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፍርግርግም ስለሌለን አጠርኩት። ተንሸራታቹ መስታወት ከሐዲዱ ወደ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ወጥቶ መሬት ላይ ይታጠባል። የማይወጣ ከሆነ ክንድ ተኩል በምታህል አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ጎማው ተሰክቶ፣ ሁለቱም እግር ወለል ላይ ሆኖ፣ የደረሰበት ድረስ ይጠረጋል። ያልደረሰበት ይቀራል። እኛ ሳሎን ከላይ በስተቀኝ በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ አለች፤ ዘንጉም አይደርስባትም፤ አቧራዋን ይዛ ትኖራለች። እንግዳ ሲመጣ ዓይኔ እሷ ላይ ይሄድ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ወንድሜ አሁንም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። የተቃናውን ናስ አልጣለውም፤ አንድ ጥጉ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ቦታ ስላለችው ለደንበኛ ቤት አይዘውም፤ ለእናታችን ቤት ብቻ ያወጣዋል።

ዘንድሮ ለጥምቀት ዋዜማ መጥቶ የእማዬን መስኮቶች በአንድ ባልዲ ጨረሳቸው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡና እየቆላች ታየዋለች። ሲጨርስ ተነስታ መስታወቱ ጋ ሄደች፣ እንደ እንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንገቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበለች። ምንም አላገኘችም። ከዚያ ከጓዳ አንድ ቁራጭ ጋዜጣ አምጥታ፣ ጭብጥ አድርጋ፣ ማንም ያላየውን አንድ ጥግ ሁለት ጊዜ ፈተግ ፈተግ አደረገችው።

"አላሻችሁትም" አለች።